የሶፋ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን

ኢትዮጵያ ሁለት የክረምት ኦሊምፒክ ቡድን አላት። አንዱ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ሌላው ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ምስጋናዬ ለሁለተኛው ስለሆነ የመጀመሪያውን ቶሎ ልጨርሰው።

በረዶ ላይ የተንሸራተተው ቡድን አንድ ሰው ነው። ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወለደ፣ አሜሪካ አደገ፣ ስኪውንም እዚያው ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳደረ። ሁለቱንም ጊዜ ከእሱ ሌላ አትሌት አልነበረንም። ሁለቱንም ጊዜ ከ80ኛ በኋላ ገባ። በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ደግሞ ጭራሽ የሄደ የለም። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ቡድን እንምጣ።

ይሄ ቡድን ጉዳት አያውቅም። ቪዛ አይከለከልም። ስፖንሰር አይለምንም፤ ዋይፋይ ካለ ይበቃዋል። ዝግጅቱም ፈጣን ነው። ሐሙስ ዕለት ስኪ የሚደረገው እግር ላይ ይሁን እጅ ላይ ያልለየ ሰው፣ ቅዳሜ «ጉልበቱን በደንብ አላጠፈም እኮ!» ይላል። ሌላው ዓለም አንድ አሰልጣኝ ለማፍራት ዓመታት ይፈጅበታል። እኛ ጋ ሁለት የቲክቶክ ቪዲዮ በቂ ነው።

ዕውቀቱ ደግሞ በአንድ ስፖርት ብቻ የታጠረ አይደለም። ከርሊንግ ያያል፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ድንጋይ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ የሚጠረግለት ጨዋታ ነው። «ይሄማ ቤት መጥረግ ነው፤ እናቴ ትበልጣቸዋለች» ይላል። ድንጋዩ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ግራናይት መሆኑ፣ ጠራጊዎቹም የበረዶውን ፊት እያሞቁ የድንጋዩን መንገድ እንደሚያስተካክሉ ዝርዝር ነገር ነው። ትልቅ ሰው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። (እናቱን ስትጠርግ ተነስቶ አግዟት እንደሆነ አልጠየቅሁም።) ቀጥሎ ስኬሌተን ይመጣል። ሰውዬው በደረቱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ፣ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ ቦይ ውስጥ ይወርዳል። የእኛ ባለሙያ «ምን አለበት? መተኛት ነው!» ይላል። በዚህኛው ላይ ቃሉን እንቀበል። ስለ መተኛት ልምድ አለው።

ሒሳብም ይችላል። ኖርዌይ በ2022 ቤጂንግ ላይ 16 ወርቅ ወሰደች። የሕዝቧ ቁጥር አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። የሶፋው ቡድን ወዲያው ያሰላል፦ «እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን፤ ሲያንስ ሲያንስ 300 ወርቅ ሊኖረን ይገባ ነበር!» ስሌቱ ንጹሕ ነው። የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ በረዶው፣ ተራራው ላይ የተሠራው መንገድ፣ ገና በእግሩ መሄድ ሲጀምር ስኪ የሚታሰርለት ሕፃን፣ እና ሰሙ። ሰም ስል የስኪውን ሰም ነው። በረዶው ዛሬ እርጥብ ነገ ደረቅ ስለሚሆን ከስኪው ሥር የሚቀባው ሰም በየቀኑ ይለያያል። ከተሳሳቱ ወይ ይጣበቃል ወይ ወደ ኋላ ያንሸራትታል። የኖርዌይ ቡድን ለዚህ ሥራ ብቻ ባለሙያዎቹንና ትልቅ የጭነት መኪናውን ይዞ ነው የሚዞረው። ሰሙን ሳያዩ ወርቁን መጠየቅ የቻለ ሕዝብ ግን በዓለም ላይ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ከሁሉ የምወድላቸው ግን አንዷን ጥያቄያቸውን ነው። «ለመሆኑ እሱን ማን ላከው?»

እንዴት ያለች ጥያቄ ናት! አጭር ናት፤ ትቆጣለች፤ ስለ ሀገር ክብርም የምታስብ ትመስላለች። መልሷ ደግሞ ከጥያቄዋም ያጥራል። ሮቤልን ማንም አልላከውም። በደንቡ መሠረት ፌዴሬሽን ይቋቋማል፣ ፌዴሬሽኑ አትሌት ይመለምላል፣ ያሠለጥናል፣ ይልካል። እዚህ ግን አትሌቱ ቀድሞ ተገኘ። ኦሊምፒክ ለመሄድ የሀገር የስኪ ፌዴሬሽን ያስፈልጋል፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አልነበራትም፤ ስለዚህ ራሱ ተንቀሳቅሶ አቋቋመው። ፌዴሬሽን አትሌቱን ሲጠብቅ ስንት ጊዜ አይተናል። አትሌት ፌዴሬሽኑን ሲወልድ ማየት ብርቅ ነው። አዲስ አበባ ሲመጣ የሚለማመደው ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ነበር። የአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ዱላ ይዞ፣ ሁለት ረጃጅም ነገር እግሩ ላይ አስሮ የሚንሸራተት ሰው ምን ምን እንደሚያጋጥመው ለአንባቢ አልነግርም። ባለታክሲ ያልሰደበው ስኪተኛ በዓለም ላይ ብዙ ነው። እሱ ከነሱ ውስጥ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

«ማንም እኮ ሄዶ መሳተፍ ይችላል» የሚል ክፍልም አለ። ይሄ የቡድኑ የሕግ ክፍል ነው። እውነት ነው፣ በ1988 ካልጋሪ ላይ ኤዲ ኤድዋርድስ የተባለ እንግሊዛዊ በስኪ ዝላይ መጨረሻ ወጥቶ ዓለም ወደደው። ከዚያ በኋላ ግን ደንቡ ጠበቀ። ዛሬ አንድ ስኪተኛ ኦሊምፒክ ደጃፍ ለመድረስ ዕውቅና ባላቸው ውድድሮች ላይ እየተገኘ ነጥብ መልቀም አለበት። ከሀገር ሀገር መዞር ነው፤ በራስ ኪስ፣ በራስ ሻንጣ። የሕግ ክፍላችን ይህን አላነበበም። ቢያነብ ኖሮ ሐሳቡን ለመስጠት ሁለት ደቂቃ በዘገየ ነበር።

የቡድኑ የዘር ሐረግ ክፍልም አይረሳ። ውጭ ያደገ ልጅ ካሸነፈ «ደሙ የኛ ነው፤ እያት ቅድመ አያቱን እናውቃቸዋለን» ይባላል። ከኋላ ከገባ ደግሞ «እሱ እኮ እዚያ ያደገ ነው፤ አማርኛውስ ቢሆን?» ውሳኔው የሚሰጠው ሰውዬው የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ ስለሆነ ስሕተት የለበትም። ጎረቤት ኤርትራም ካናዳ የተወለደ ስኪተኛ አላት፤ ሻነን አበዳ። በ2018 በጃይንት ስላሎም፣ ማለትም በምሰሶዎች መሀል እየተጠማዘዙ ቁልቁል በሚወረድበት ስኪ፣ 61ኛ፣ በ2022 ደግሞ 39ኛ ሆነ። ሌላ ሰው 22 ደረጃ አሻሻለ ይላል። የእኛዎቹ «38 ሰው ቀደመው» ብለው ይተረጉሙታል። ለዚህም ነው አተኩረው ያያሉ የምለው።

በበጋው ኦሊምፒክ ያላቸውን ጥራት ስለምታውቁት አልደግመውም። በ2024 ፓሪስ ላይ አንድ ወርቅና ሦስት ብር ሲመጣ ሦስቱን ብር እንደ ዕዳ የቆጠረ ቡድን ነው። ከዓለም ሁለተኛ መሆን ሐዘን የሚያስቀምጥበት ቤት ውስጥ፣ 80 ስንተኛ የወጣ ሰው ምን ሊጠብቅ ነበር?

እስቲ ከውጭ ተመልካች ጋር እናወዳድራቸው። በ1998 ናጋኖ ላይ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር ስኪ ተወዳደረ። በረዶ ካየ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። 92ኛ ሆነ፤ ከገቡት የመጨረሻው። አሸናፊው የኖርዌዩ ቢዮርን ዳህሊ ነው። ዳህሊ ከገባ በኋላ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሜዳሊያውን ሊቀበል አልሄደም። ብርዱ ላይ ቆሞ ቦይትን ጠበቀው። 20 ደቂቃ ያህል። ሲገባ አቀፈው።

ተመልከቱ እንግዲህ፣ ጊዜ የማይቆጥብ ሰው! 20 ደቂቃ እኮ ነው። በ20 ደቂቃ የሶፋው ቡድን ሦስት ሚም ይሠራል፣ አንድ የድምፅ መልእክት ይልካል፣ ስለ ስፖርት ውድቀታችንም ረዘም ያለ ጽሑፍ ይለጥፋል። ቀላል ብክነት አይደለም። በ2022ም ሌላ አሸናፊ፣ የፊንላንዱ ኢቮ ኒስካነን፣ የኮሎምቢያውን ስኪተኛ እንደዚሁ ቆሞ ጠብቆታል። የሰሜን ሰዎች ችግራቸው ይሄ ነው። ስኪው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለሚያውቁ መሳቅ አይችሉም። በደንብ ለመሳቅ አለማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ በኩል ደግሞ የእኛን የሚያህል የለም። ቦይት በኋላ ልጁን ዳህሊ ብሎ ሰየመው። በሶፋው ቡድን አባል ስም የተሰየመ ልጅ እስካሁን አልሰማሁም። መቼም አንድ ቀን።

አንድ ነገር ግን አምላክን የማመሰግነው አለኝ። ይህ ቡድን በ1956 አልነበረም። ያን ዓመት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሄደች፣ ሜልቦርን። አንድም ሜዳሊያ አላመጣችም። ከሄዱት አንዱ በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። ፌስቡክ ቢኖር ኖሮ አስቡት። «ማን ላከው?» «የአውሮፕላን ትኬት ማን ከፈለ?» «ስማችንን አስጠፋ!» እሱም ሰምቶ ቤቱ በቀረ። ስሙ ማሞ ወልዴ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ10 ሺህም ብር አገኘ። በመሀል በ1960 አበበ ሮምን በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ አምጥቶ ነበር። የሶፋው ቡድን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህኛው ነው። ሜልቦርንን የሚያስታውስ አባል እስካሁን አልገጠመኝም፤ ለጤናም ጥሩ አይደለም።

ጃማይካዎችም እንዲሁ ዕድለኞች ናቸው። በ1988 ቦብስሌዳቸው፣ ማለትም በበረዶ ቦይ የሚወርደው ጋሪያቸው፣ ዓለም እያየ ተገለበጠ። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ጋሪው በዚያው ሳምንት ይሸጥ ነበር፤ ገምጋሚ ኮሚቴም ይቋቋማል። እነሱ ግን በ1994 ሊልሃመር ላይ በአራት ሰው ቦብስሌድ ከአሜሪካ በልጠው 14ኛ ሆኑ። 14ኛ! በእኛ ቡድን መለኪያ ይሄም ያው ሽንፈት ነው።

በረዶ አናውቅም እንዳትሉኝ ደግሞ። ሐምሌ ላይ በረዶ ሲጥል አዲስ አበባ ነጭ ትሆናለች። የሶፋው ቡድን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ የክረምት ስፖርት ዘገባ ይለቃል። «ስዊዘርላንድ መሰለች» ይላል። በረዶው ከሰዓት በኋላ ይቀልጣል። ፎቶው ግን በዓመቱ ይመለሳል።

የሚቀጥለው የክረምት ኦሊምፒክ በ2030 በፈረንሳይ አልፕስ ነው። ምናልባት አሁን ዴንቨር ወይ ስቶክሆልም ውስጥ ኢትዮጵያን ወክሎ ስኪ ለመሮጥ የሚያስብ ልጅ ይኖራል። ወንድሜ ወይ እህቴ፣ ሥራ ይጠብቅሃል፣ ይጠብቅሻል። ነጥብ መልቀም አለ። ሰም መግዛት አለ። ከፌዴሬሽን ጀምሮ ወረቀት ማሟላት አለ። ባንዲራም ሳይኖር አይቀርም፤ ጠይቁ። ለኮሜንቱ ግን ምንም አታስቡ። እሱ ካሁኑ ተጽፎ አልቋል፤ የጎደለው ስማችሁ ብቻ ነው።