ላም አለኝ በደመና

«ፒሲ አለኝ፤ ከጎኑ የትኛውን የጌም ኮንሶል ልጨምር?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሳይሆን የመላሹን የንብረት ዝርዝር ነው። ፕሌይስቴሽን ያለው «ፕሌይስቴሽን» ይላል፣ ኤክስቦክስ ያለው «ኤክስቦክስ»፤ አንዱም የሌለው ደግሞ የሁለቱን ቴራፍሎፕ (የስሌት ጉልበት) ሲያነጻጽር ያነጋል። ጠያቂው «ፒሲ አለኝ» ማለቱን የሰማ የለም። ጃንጥላ ላለው ሰው ሌላ ጃንጥላ ይመከራል።

ነገሩ እኮ ያን ያህል አያከራክርም። የኤክስቦክስ ሠሪው ማይክሮሶፍት ራሱ የሚያሳትማቸው ጌሞች ኤክስቦክስ ላይ በወጡበት ቀን ፒሲ ላይም ይወጣሉ። ደህና ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው ኤክስቦክስ ያው ጃንጥላው ነው። የፕሌይስቴሽን ሠሪው የሶኒ ትልልቅ ጌሞች ብዙውን ጊዜ ይዘገያሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጎድ ኦፍ ዋር ፒሲ ላይ የደረሰው በ2022፣ የ2020ው ጎስት ኦፍ ሱሺማ በ2024 ነው። ፕሌይስቴሽን የሚገዛ የፒሲ ሰው የሚከፍለው ላለመጠበቅ ነው። ኒንቴንዶ ግን የራሱን ጌሞች ለፒሲ አያወጣም፤ ብትጠብቅም አይመጡም።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፣ የዲስክ ጉዳይ ባይኖር።

ፒሲ ዲስክ ማጫወቻውን ከጣለ ቆይቷል። ስለዚህ ኮንሶል ለፒሲ ባለቤት ሊያመጣለት ከሚችለው ነገር አንዱ ዲስክ ነበር፤ የሚያውሱት፣ የሚዋሱት፣ ሲሰለች የሚሸጡት። ሰውየው ግን ዋጋዋ ቀለል አለ ብሎ ዲስክ የማትጎርሰዋን ይዞ ይመጣል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት አበው ስለ ስቲም ላይብረሪ (ከኢንተርኔቱ የፒሲ ጌም መደብር ስለገዛኸው ክምችት) ካልሆነ ስለ ምን እንደነበር እንጃ። ስቲም ራሱ በ2024 የምትገዛው ጌሙን ሳይሆን የመጠቀሚያ ፈቃዱን ነው ብሎ መክፈያው ላይ ጽፎታል። አንድ ላም ሰማይ ላይ አለችህ፤ ሁለተኛዋ ለምንህ ነው? ተጸጽተህ ማጫወቻ ልጨምር ብትል ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ መግጠሚያ የለውም። ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል ይገጠምለታል፤ ያውም መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል። ዲስክ ለማንበብ ኢንተርኔት! በዲስክ ፈንታ ካርድ የሚጎርሰው የኒንቴንዶው ስዊች 2 ደግሞ ብሶበታል፦ አንዳንዱ ካርዱ ውስጥ ጌም የለም፣ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ላሚቱ ሰማይ፣ ገመዷ እጅህ ላይ።

ከቂም ሁሉ የቆየው ግን የኦንላይን ክፍያ ነው፤ በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወት የሚከፈለው። ኤክስቦክስ በ2002 ጀመረው፤ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ በነፃ ያጫውት የነበረው ሶኒ በ2013 ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር ተከተለ፤ ኒንቴንዶ በ2018። ጌሙን የገዛኸው አንተ፣ ኢንተርኔቱን የምትከፍለው አንተ፣ በር ላይ ቆሞ የሚቀርጥህ እሱ። ፒሲ ላይ እንዲህ ያለ በረኛ የለም። እንደ ፎርትናይት ያለ ነፃ ጌም ሲሆን ደግሞ ያሳልፉሃል። ላልከፈልክበት በሩ ክፍት፣ ለከፈልክበት ዝግ! ይሄ ንግድ ሳይሆን ድፍረት ነው። እንግዲህ ከጓደኛ ጋር በኦንላይን የምትጫወተውን ሁሉ ፒሲው ላይ ተወው፤ ኮንሶሉ ለብቻ ጨዋታና ሶፋ ላይ አጠገብህ ለተቀመጠው ሰው ይሁን።

የጌም ማስቀመጫ ቦታ ማጠሩ አይቀርም። ፕሌይስቴሽን 5 የፒሲ ኤም.2 ኤስኤስዲ (ቀጭን ማከማቻ) ይቀበላል፤ ጄን 4 (አራተኛ ትውልድ) ይሁን፣ በሰከንድ 5,500 ሜጋባይት ያንብብ፣ ከማቀዝቀዣ ብረቱ ጋር ውፍረቱ ከ11.25 ሚሊሜትር አይለፍ፤ ካለፈ ክዳኑ አይገጥምም። ስዊች 2 ለጌም የሚቀበለው ማይክሮኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ ካርድ ብቻ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ያለው አሮጌ ካርድ አይሠራም።

ጥያቄው የትኛውን ልጨምር ነበር አይደል? ስዊች 2፤ የኒንቴንዶ ጌሞች ፒሲ ላይ አይመጡምና። የሶኒን ጌም መጠበቅ የማይሆንልህ ከሆነ ባለ ዲስኩን ፕሌይስቴሽን። ግን ሳትገዛ የሞኒተርህን ጀርባ እይ፤ ኮንሶሎቹ የሚያውቁት የስክሪን ገመድ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው፣ ያቺን አንዷን ቀዳዳ ደግሞ ፒሲው ይዟታል። ፒሲውን ዲስፕሌይፖርት ወደሚባለው ሌላው ቀዳዳ አዛውረው።