ልጆቻችንን በአያ ጅቦ ማስፈራራት ይብቃን

ጎጃም ውስጥ ምሽት ላይ አልተኛም ብሎ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም የሚሰኝበት መንገድ የታወቀ ነው፤ «አያ ጅቦ መጣልህ!» ይባላል። ልጁ እናቱ ጉያ ይወሸቃል፣ ቤቱም ጸጥ ይላል። ጅቡ ሲለመድ ጭራቅ፣ ጭራቁ ሲለመድ መርፌ፣ ከዚያም ፖሊስ ይጠራል። ልማዱ ከክፋት የመጣ አይደለም። ሲነጋ ወፍጮ፣ ሲመሽ ጓዳ የሚጠብቃት እናት ልጅ አባብላ የምትጨርስበት ጊዜ ከየት ታምጣ? ቢሆንም መቅረት አለበት እላለሁ።

ልጅ ከልቡ ሊጠነቀቃቸው የሚገቡ ነገሮች በዙሪያው ሞልተዋል፦ የሚንተከተክ ሽሮ፣ ክፍት ምድጃ፣ ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ፣ በክረምት የሞላ ወንዝ። ገጠር ደግሞ ገና በአምስትና በስድስት ዓመቱ ጥጃ እየነዳ መስክ የሚወጣ ልጅ አለ፤ እዚያ ጅቡም የምር ጅብ ነው። ማታ ማታ የማይመጣ ጅብ ሲጠራበት ያደገ ልጅ አንድ ቀን የእናቱ ማስጠንቀቂያ ባዶ መሆኑ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ «ወንዙ ሞልቷል፣ እንዳትሻገር» ስትለውስ በምን ያምናታል? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

መርፌውም የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት አዛውንት የልጅ ልጃቸውን «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ይቺ ሴትዮ ትወጋሻለች» ሲሏት ሰማሁ። ነርሷ የያዘችው የሙቀት መለኪያ ብቻ ነበር። ልጅቷ የአያቷን ነጠላ በሁለት እጇ ጨምድዳ ጮኸች፤ መለኪያዋን ብብቷ ሥር ለማስገባት ሁለት ሰው ይዟት ነው። በፖሊስ ሲያስፈራሩት ያደገ ልጅም ገበያ መሀል ቢጠፋ ፖሊስ ሲያይ ይደበቃል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የጎጃም ልጆች የተኩስ ድምፅ እየሰሙ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት እየዋሉ ነው ያደጉት። በዚህ መሀል «ወታደር ይወስድሃል» ብሎ ማስፈራራት ጭካኔ ነው። ርችት ነው ብሎ መሸንገልም አይረዳም፤ ልጅ የእኛን ፊት ያነባል። «የተኩስ ድምፅ ነው። እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ከመስኮቱ ራቅ በል» ቢባል ይበቃዋል።

ያለ ማስፈራሪያ እንዴት ይቀጣል ለሚል፣ መልሱ ብዙ ጊዜ እማድ ቤት ውስጥ ይታያል። እንጀራ የምትጋግር እናት አክንባሎውን ስታነሳ የልጇን እጅ ይዛ ወደ እንፋሎቱ ጠጋ ታደርገዋለች፤ ሙቀቱ እስኪሰማው ብቻ። «ተሰማህ? ይሄ ያቃጥላል» ትለዋለች። ልጁ እጁን ሰብስቦ ምጣዱን እያየ ወደ ኋላ ይላል። ጅብም አልተጠራ፣ ዱላም አልተነሳ። ለሁለት ዓመት ልጅ ረጅም ምክር አይገባውም፤ አጭር ቃል፣ በየቀኑ ያው ቃል ነው የሚገባው። ዛሬ የተከለከለው ነገ እንግዳ መጣ ተብሎ ከተፈቀደለት ግን ይምታታበታል።

ለቅሶውንም ቢሆን ከመቆጣት በፊት ምክንያቱን ማየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ከትልልቆቹ ጋር ቴሌቪዥን ሲያይ ያመሸ ልጅ ጠዋት ቢነጫነጭ እንቅልፍ አጥቶ እንጂ ባልጎ አይደለም።

ልጅን አታሎ ሹልክ ብሎ ገበያ መሄድም ከዚሁ ወገን ነው። «ገበያ ሄጄ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ሲባል ያለቅስ ይሆናል፤ ያልቅስ። እናቱ ባለችው ሰዓት ስትመለስ ካየ በሚቀጥለው ገበያ ለቅሶው ይቀንሳል። ሸንኮራ ይዤልህ እመጣለሁ ከተባለም ሸንኮራው ይምጣ፤ ገንዘብ ከሌለ መጀመሪያውኑ አይባል።