ሕጉን ለማንበብ ለምን መክሰስ ያስፈልጋል?

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ «ፎያ» የሚለውን ስም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው። ጠበቃው የደንበኛውን ፋይል ከመንግሥት እጅ ለማስወጣት ፎያ ያስገባል። ፎያ እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የመረጃ ነፃነት ሕግ ነው። ዜግነት አይጠይቅም። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰውም ማመልከት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይስጥ ይላል። ያመለከተ ሰው ግን ይህን ሲሰማ ይስቃል።

በዚሁ ሕግ ከራስ ፋይል የከበደ ነገር የሚጠይቁም አሉ። መንግሥት ለራሱ የጻፈውን የሕግ ትርጉም አሳዩን ይላሉ።

በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የሕግ አማካሪ ቢሮ የሚባል አነስተኛ ክፍል አለ። በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኦኤልሲ ይሉታል። ዋይት ሐውስ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት «ይህን ባደርግ ሕጉ ይፈቅድልኛል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚጽፈው ይህ ቢሮ ነው። ስሙ «አስተያየት» ይባል እንጂ መሥሪያ ቤቶቹ እንደ ውሳኔ ይቀበሉታል። አንዳንዱን ቢሮው ራሱ ያሳትማል። የቀረውን ማየት የፈለገ ፍርድ ቤት ይሂድ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ባለሥልጣንን ከክስ የሚያድን ወረቀት ሕግ ሆኗል። ሕግ ከሆነ ደግሞ የሚተዳደርበት ሕዝብ ሊያነበው ይገባል።

ከማሰቃየቱ ወረቀት እንጀምር። ኦገስት 1 ቀን 2002 ቢሮው ስለ ሲአይኤ የእስረኞች ምርመራ የጻፈው አስተያየት አካላዊ ሥቃይ «ማሰቃየት» የሚባለው መቼ እንደሆነ ሲተረጉም መስፈርቱን እጅግ ሰቀለው። ሕመሙ የሰውነት ክፍል ሥራ ሲያቆም ወይም ሰው ሊሞት ሲል ከሚሰማው ጋር ካልተስተካከለ ማሰቃየት አይደለም አለ። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ያህል ተደብቆ ቆየ። በ2004 አፈትልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወዲያው ቢሮው ራሱ ሰረዘው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ያላሳፈረ ጽሑፍ፣ ሕዝብ ሲያነበው አንድ ወር እንኳ መቆም አልቻለም።

የቀሩትን የእስረኛ ምርመራ አስተያየቶች ያወጣቸው ግን ክስ ነው። ኤሲኤልዩ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት ለዓመታት ከተከራከረ በኋላ፣ የኦባማ አስተዳደር በኤፕሪል 2009 አራት አስተያየቶችን ለቀቀ። አንዱ፣ ነፍሳት የሚፈራ የሚመስል እስረኛን ጠባብ ሣጥን ውስጥ ከነፍሳት ጋር መዝጋት ይቻላል ይላል። ሊያስገቡለት ያሰቡት አባጨጓሬ ነበር። ይህን የሚያክል ነገር በማዕረግ የተቀመጡ ጠበቆች በአንቀጽ በአንቀጽ ተንትነውታል። ሌላው ወረቀት ደግሞ አንድ እስረኛ በማርች 2003 ብቻ 183 ጊዜ በውኃ እንዲታፈን መደረጉን ይጠቅሳል።

ወረቀቶቹ በወጡበት ቀን የፍትሕ ሚኒስትሩ ኤሪክ ሆልደር አንድ ነገር አስታወቁ። አስተያየቶቹን በቅንነት አምነው የሠሩ የሲአይኤ ሰዎች አይከሰሱም አሉ። እንግዲህ ይህ ነው ምክር ብቻ የሚባለው ወረቀት!

ሁለተኛው ጉዳይ የድሮን ነው። አንዋር አል-አውላቂ ኒው ሜክሲኮ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ ነበር። የአልቃይዳ መሪ ነው ተብሎ በሴፕቴምበር 2011 የመን ውስጥ በድሮን ተገደለ። የገዛ ዜጋን ያለ ፍርድ መግደል እንደሚቻል የሚያስረዳው አስተያየት ግን ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በጁላይ 2010፣ ተጽፎ አልቋል። ኒው ዮርክ ታይምስ እና ኤሲኤልዩ ወረቀቱን ፍለጋ ከሰሱ።

በጃንዋሪ 2013 ዳኛ ኮሊን መክማን ለመንግሥት ፈረዱ። የፈረዱት ግን እያማረሩ ነው። መንግሥት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ የሚመስል ድርጊት ሕጋዊ ነው እያለ ምክንያቱን መደበቅ እንዲችል ሕጉ ራሱ በር ከፍቶለታል፣ እጄ ታስሯል አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2014 ውሳኔውን ሻረው። ባለሥልጣናቱ አደባባይ ወጥተው ግድያው ለምን ሕጋዊ እንደሆነ ሲያስረዱ ከርመዋል፤ አሁን ደርሶ ምስጢር ነው ማለት አይቻልም ነው ነገሩ። ግማሹ የተሰረዘ ወረቀት በጁን 2014 ወጣ። ሰውዬው ከተገደለ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። አስተያየቱን የጻፈው ዴቪድ ባረን ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኝነት ታጭቶ ሴኔቱ ሹመቱን ያጸደቀው በሜይ 2014 ነው። ሴናተሮቹ ወረቀቱን በዝግ እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። የመረጣቸው ሕዝብ ያነበበው ሹመቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ነው።

የመንግሥት ጠበቆች መከራከሪያ አላቸው፤ ባዶ ነው አልልም። አማካሪ የሚጽፈው ሁሉ ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብሎ ከፈራ እውነቱን አይናገርም ይላሉ። ወይም በቃል ብቻ ይመክራል። ይህ ለረቂቅና ለውስጥ ክርክር ይሠራል። ተፈርሞ ሥራ ላይ ለዋለው የመጨረሻ ወረቀት ግን አይሠራም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1975 ይህን ልዩነት አስቀምጧል፤ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩበትን ሕግ ደብቀው መያዝ የለባቸውም ብሏል። ሆኖም የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 ስለ ኤፍቢአይ የስልክ መረጃ አሰባሰብ የተጻፈ አስተያየት እንዲደበቅ ፈቀደ። ፍርድ ቤቱ፣ ኤፍቢአይ አስተያየቱን የራሱ ፖሊሲ አድርጎ አልያዘውም አለ። በእኔ ግምት ይህ ማምለጫ ነው። ለመከላከያ ጋሻ የሚሆን ወረቀት ሲጠየቅ ተራ ምክር ይሆናል።

የእኛም አገር የራሱ ዓይነት አለው። ቢሮ ገብተህ «መመሪያ አይፈቅድም» ትባላለህ። መመሪያውን አሳዩኝ ስትል «የውስጥ ነው» ይሉሃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ይህን ለማስቆም ሞክሯል። መመሪያ ካልተመዘገበና በድረ ገጽ ካልወጣ አይሠራም ይላል። በየቢሮው ምን ያህል እንደሚከበር አንባቢ ያውቀዋል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ያልታተመ መመሪያ ዋጋ ያጣል፤ ማንም መክሰስ ሳያስፈልገው።

አሜሪካኖቹ የጎደላቸው ይኸው ነው። በ2016 ፎያን ሲያሻሽሉ ከ25 ዓመት በላይ የሆነው ሰነድ በውስጥ ምክክር ሰበብ አይደበቅም አሉ። ለታሪክ ተመራማሪ ደስ ይላል። ቦምብ ለሚወርድበት ሰው ምንም አይደለም። በ2025 የአሜሪካ ጦር ካሪቢያን ባሕር ላይ ዕፅ ይጭናሉ ያላቸውን ጀልባዎች መምታት ሲጀምር ይኸው ቢሮ ሕጋዊ ነው የሚል አስተያየት ጻፈ፣ ወረቀቱም በምስጢር ተያዘ። የመብት ድርጅቶች ዓመቱ ሳያልቅ ክስ መሠረቱ።

ቢሮው አስተያየቶቹን እንዲያሳትም የሚያስገድድ ረቂቅ ለኮንግረስ ቀርቦ ያውቃል፤ አልጸደቀም። ዳግም ከመጣ አንድ አንቀጽ ቢጨመርበት እመርጣለሁ። ያልታተመ አስተያየት ማንንም ባለሥልጣን ከክስ አያድን።