«ሲሞላልሽ አንድ ዓይነት ታደርጊዋለሽ»

ይህች ቃል ከቀትር ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ሲሞላልሽ! ምን ጎድሎብኝ? በገዛ ቤቴ፣ በእጄ የቆላሁትን ቡና እየጠጡ፣ ቶናው እንኳን ሳይቀዳ፣ አምስት ሴት በተቀመጠበት ነው የባለቤቴ አክስት ይህን ያሉኝ።

ጽሑፌን የምትከታተሉ ሳሎኑን ስለምታውቁት አልዘረዝርም፤ ጥቁር ብረትና ናስ ያደባለቅሁበት ነው። ስምንት ወር ሙሉ እያንዳንዱን እጀታና ዘንግ አብራችሁኝ መርጣችኋል፤ ስለዚህ ስድቡ ለእናንተም ይድረሳችሁ።

እትዬ መጀመሪያ ቀና ብለው የመብራቱን ማንጠልጠያ አዩ፤ ጥቁር ብረት። ዓይናቸው ወደ መጋረጃው ዘንግ ሄደ፤ እሱም ጥቁር። ወደ በሩ እጀታ ወረደ፤ ናስ። ግድግዳው ላይ ወዳለው የእናቴ ትሪ፤ ናስ። የወጥ ቤቱ በር ክፍት ስለነበር እስከ ቧንቧው ድረስ ዘለቁ። ዕቃ ሊረከብ እንደመጣ ሰው አንድ በአንድ ቆጠሩት።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ብረት ከየት ተለቃቀመ?»

«ተለቃቅሞ አይደለም እትዬ፤ ሆን ብዬ ነው ያደባለቅሁት።»

«ሆን ብለሽ?» አሉና አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ዞሩ። «ሆን ብላ ነው ትላለች።» ሴትዮዋ እየሰማችኝ! በአስተርጓሚ የምናገር ይመስል! ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አይዞሽ፤ ሲሞላልሽ አንድ ዓይነት ታደርጊዋለሽ» አሉኝ።

አይዞሽ! ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ስድብ መልስ አለው፤ አዘኔታን በምን ይመልሱታል? አንዷ ሲኒዋን አገላብጣ ማየት ጀመረች፤ ሌላዋ ፈንዲሻውን አነሳች። እኔም «እሺ እትዬ» ብዬ ረከቦቱ ላይ አቀረቀርኩ። አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ያ «እሺ» ነው።

እስቲ አንድ ዓይነት የሚባለው የት ነው ያለው? ለእህቴ ቤት ሁሉም ወርቅማ ይሁን ተብሎ ከሦስት ሱቅ ገዛን፤ ቧንቧውን ከአንዱ፣ እጀታውን ከሌላው፣ የመስተዋቱን ክፈፍ ከሦስተኛው። ቤት ገብቶ ጎን ለጎን ሲቆም አንዱ ብጫ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሆነ። ለመመሳሰል ሞክሮ እንዳልተሳካለት ዕቃ ዓይን የሚወጋ የለም። ጥቁርና ናስ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ልዩነታቸውን ማንም አይስተውም፤ የተመረጡ መሆናቸው ይታያል። ከወርቅማዎቹ እጀታዎች አንዱ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በብረት ሽቦ ተፈትጎ ልባጡ ተላጠ። ሻጩ «አንድ ብቻ ነጥዬ አልሸጥም፤ ስብስቡን ውሰጂ» ያለኝም ያኔ ነው። ለአንድ እጀታ ስል አሥራ ሁለት ልግዛ! ስጠይቀው ያየኝ አስተያየት የዛሬው የእትዬ አስተያየት ነበር። በሁለት ቦታ አንድ ዓይን።

ደግሞ እትዬ የሚያደንቁት ክሮም የሚባለው የሚያብለጨልጭ ነጭ ቧንቧ ራሱ ምን ይመስላቸዋል? ጥሩ የሚባለው ክሮም ቧንቧ ውስጡ ናስ ነው። ናሱም የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው። በላዩ ኒኬል ይለበጣል፤ ዓይናችን የሚያየው ክሮም ከኒኬሉ በላይ ያለ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። አንድ ዓይነት ብለው እጃቸውን የሚታጠቡበት ዕቃ ሆዱ ሙሉ ድብልቅ ነው! እሱም ውኃ ሲኖር ነው፤ እዚህ ከተማ ውኃ በፈረቃ እየጠበቅን፣ ሌሊት ተነስተን ጀሪካን እየሞላን፣ ቀን የቧንቧ ቀለም እንገመግማለን።

እኔ እንደመጣልኝ አልደረደርኩም። በእኔ ሳሎን ጥቁሩ ብረት ይመራል፤ ናሱ ይከተላል። ተከታዩ ብቻውን እንዳይቀር ሁለት ሦስት ቦታ መታየት አለበት፤ እጀታው፣ ትሪውና መቅረዙ ናስ የሆኑት ለዚህ ነው። ክሮሙን ከሳሎን አውጥቼ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አስቀረሁት። ናስ ቤት ያሞቃል፣ ክሮም ያቀዘቅዛል፣ ጥቁሩ ሁለቱን ያስታርቃል። መነካካት የሌለባቸውንም አውቃለሁ፤ ሠራተኛው የመታጠቢያ ቤቱን የአሉሚኒየም መደርደሪያ በናስ ብሎን ሊያስር ሲል እጁን ይዤ ነው ያስቆምኩት፤ ሁለቱ እርጥበት ባለበት ከተገናኙ አሉሚኒየሙ እየተበላ ያልቃል። ይህን ሁሉ ያሰበች ሴት ናት ዛሬ «ተለቃቀመ» የተባለችው።

ይህ ደግሞ በጎንደር! እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1740 ገደማ አሠርተው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት የሚታመነው ዘውድ እኮ ብርና መዳብ ከገባበት ወርቅ የተሠራ ነው፤ በወርቅ የተለበጠ መዳብም አለበት፤ የብርጭቆ ዶቃም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተዘርፎ ሄዶ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። እቴጌይቱን ማን «ሲሞላልሽ» አላቸው? ጥር 10 ቀን በከተራ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወረድ የብሩ መስቀል ከናሱ መስቀል ጎን ይሄዳል፤ ጸናጽሉ በፀሐይ ያንጸባርቃል፤ እትዬም እልል ይላሉ። እኔም እልል እላለሁ። ታዲያ እዚያ ያማረው እኔ ግድግዳ ላይ ምን ነካው?

ትሪው ነው ከሁሉ የቆረቆረኝ። እናቴ በየዓመት በዓሉ ዋዜማ አመድና ሎሚ ይዛ ደጃፍ ተቀምጣ ታሸው ነበር፤ ክንዷ እስኪዝል። ጠርዙ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት እኔ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ደረጃ ላይ የጣልኩት ጊዜ የቀረች ናት፤ አልተቆጣችኝም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የእጇ ነገር የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። መብራቱንና ዘንጉን የመረጥኩት ትሪው እንዲያምርበት ነው እንጂ ትሪው የመጣው ቤቱን ሊያሟላ አይደለም። ይህን ለአምስት ሴት በቡና መሐል እንዴት ይናገሩታል? አልተናገርኩትም።

እትዬ በረካው ሳይጠጣ ተነሱ፤ ጉዳይ ነበረባቸው። ሲወጡ የበሩን እጀታ ይዘው አንዴ ዞር አደረጉትና «ይህስ ከባድ ነው፤ ጥሩ ነው» አሉ። ለመካስ መሆኑ ነው መሰለኝ። አላረካኝም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎኑ መሐል ቆሞ ቀና አለ። «ምናልባት መብራቱን ብቻ ብንቀይረው?» አለኝ። ደውለውለታል። አልመለስኩለትም፤ ሎሚ ልቆርጥ ወጥ ቤት ገባሁ።