ለክቡር ሞንታርቦ፣ የጫማ ሱቅ ድምፅ ማጉያ፣ ታይዋን ገበያ፣ ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ እንኳን ደስ አለዎት ስለማለት

ክቡር ሆይ፣ በድሬ ደንብ "አንተ" ልልዎት ይገባ ነበር። እዚህ ሽማግሌውም "አንተ" ነው። ግን ከጫማ ሱቁ ደጃፍ ሆነው ከጠዋት እስከ ማታ ብቻዎን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ላለ ባለሥልጣን አንቱታም ሲያንሰው ነው።

እንኳን ደስ አለዎት፣ ተፎካካሪዎ ተዘግቷል። የኮሌጁን የተማሪዎች ሬዲዮ ማለቴ ነው። "ላልተወሰነ ጊዜ" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ። የድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ንብረት ክፍል ገባ። ምክንያቱ በጀት ነው ተባለ። አንድ ኃላፊ ደግሞ "ልጆቹ ሞባይል አላቸው አይደል?" አሉ። በዚህ ስሌት ማንኪያ ያለው ሁሉ ምግብ ቤት ከፍቷል።

እዚያ ቤት ምን ይሠራ እንደነበር ልንገርዎት። ተማሪው ማይክ ፊት "ጳጳስ" ሲል ትንፋሹ እንዳይፈነዳ ፊቱን ትንሽ ዘወር ማድረግ ይማራል። የድምፁን ከፍታ የምታሳየው መርፌ ቀዩን ከነካች ድምፁ በዝቷል ማለት ነውና ይቀንሳል (ይህቺን ልብ ይበሉልኝ)። ማይክ ሲከፈት ቬንቲሌተር ይጠፋል፣ ጩኸቱ ስለሚገባ። በግንቦት፣ ያውም በድሬ! ልጆቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ዜና ሲያነቡ ላባቸው ወረቀቱን ያረጥበው ነበር። አንዷ ስለ 1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ፕሮግራም ሠርታ መጣች። የሟቾቹን ቁጥር የሰማችው ከአንድ ሰው ብቻ ስለነበር መምህሯ መለሷት። "ሌላ ምንጭ አምጪ" ተባለች። እያለቀሰች ሄደች፣ አምጥታም መጣች።

እርስዎስ? "የመጨረሻ ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ!" ማለት የጀመሩት ከፋሲካ በፊት ነው። ሌላ ምንጭ የጠየቀዎት አለ?

ሬዲዮ ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው የኤፍ ኤም መስመር ላይ ቦታ መመደብ አለበት። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚባል ሕግም አለ። እርስዎ አንድ ሶኬት ይበቃዎታል። ሞገድዎ የእኛ ጆሮ ነው፣ ማንም ሳይመድብልዎ ወስደውታል።

እርግጥ የተማሪ ሬዲዮ የሚዘጋው እዚህ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሂዩስተኑ ራይስ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2010 የተማሪዎቹን ኤፍ ኤም ጣቢያ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ልጆቹ ተቃውመው ነበር፣ አልሆነም። እዚያስ ቢያንስ ገንዘብ ተገኘበት። የእኛው ደረሰኝ እንኳን የለውም።

ደግሞ የተቀዳው ድምፅዎ የማን እንደሆነ ለይቼዋለሁ። የኮሌጁ ስፖርት ዜና አንባቢ የነበረው ልጅ ነው። "ስምንት መቶ ሃምሳ ብር" ሲል ቁጥሯን ለብቻዋ ያሳርፋታል፣ ሲያስተምሩት እንደዚያ ነበር። ጫማ መሸጡ ነውር የለበትም፣ ሥራ ሥራ ነው። የሚያናድደኝ አንዴ ቀድተው፣ አንዴ ከፍለው፣ ዓመቱን ሙሉ ማስጮህዎ ነው። ልጁ ሥራ ፍለጋ ሲዞር በገዛ ድምፁ አጠገብ ያልፋል። አንድ ቀን ቆም ብሎ ሰማና "አቦ፣ መርፌዋ ቀዩን አልፋለች እኮ" አለ። ባለሱቁ ጫማ ሊገዛ የመጣ መስሎት ቁጥሩን ጠየቀው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ለልጁ በየወሩ ይክፈሉት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ድሬ ሱቋን ዘግታ ጋደም ስትል እርስዎም ጋደም ይበሉ። ሱቁ ተዘግቶ ቅናሹ ለማን ነው?

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመብራት
እርስዎን ዝም ማሰኘት የሚችል ብቸኛው ተቆጣጣሪ ስለሆነ። ባትሪ ሊያስገጥሙ ነው የሚባለውን ወሬም አብሮ ቢያጣራልን።