ማይክሮፎኑና መጥሪያው

ሄግ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ፍርድ ሳያስብ ብዙ ጊዜ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የከተማዋ ፍርድ ቤት የቀድሞውን የደርግ ባለሥልጣን እሸቱ ዓለሙን፣ በ1970 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ 75 እስረኞችን በማስገደልና በሌሎች የጦር ወንጀሎች ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ሀገር ቤት በሌለበት ሞት የተፈረደበት ይህ ሰው እዚህ ዳኞች ፊት ቀርቦ ተጠይቋል፤ ስለ ደርግ በደል ይቅርታ ሲጠይቅ የራሱን ድርሻ ግን ክዷል።

ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ከተማ የተሰጠ፣ ጋዜጠኛ በጦር ወንጀል የሚጠረጠርን ሰው ማነጋገሩን የሚመለከት ሌላ ውሳኔ ግን በእኛ ዘንድ ብዙም አይነሣም። የዋሽንግተን ፖስቱ ጋዜጠኛ ጆናታን ራንዳል በቦስኒያ ጦርነት ወቅት የባኒያ ሉካውን የሰርብ ፖለቲከኛ ራዶስላቭ ብርጃኒንን አነጋግሮ፣ ሰርብ ያልሆኑት ከአካባቢው ስለሚለቁበት ሁኔታ የተናገረውን እ.ኤ.አ. በ1993 ጽፎ ነበር። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል እንዲሉ፣ የዩጎዝላቪያ የጦር ወንጀሎች ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ጽሑፉን ይዞ ጋዜጠኛውን ለምስክርነት በመጥሪያ ጠራው፤ ራንዳልም አልመሰክርም አለ። የይግባኝ ችሎቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 መጥሪያውን ሲሽር፣ የጦር ሜዳ ዘጋቢ እንዲመሰክር የሚገደደው ማስረጃው ለክሱ ዋና ጭብጥ ቀጥተኛና ከፍተኛ ፋይዳ ሲኖረው፣ ከሌላ ምንጭም ሊገኝ በማይችልበት ጊዜ ብቻ ነው አለ። ዘጋቢው የከሳሽ ምስክር ሆኖ ከታየ ተጠርጣሪዎቹ አፋቸውን ይዘጋሉ፣ የእርሱም ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል የሚል ነበር ምክንያቱ። ብርጃኒን ከቅጣት አላመለጠም፤ በይግባኝ የጸናበት የ30 ዓመት እስራት ነው።

ሀገር ቤት መጥሪያው የሚደርሰው በሌላ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ከኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ታጣቂዎች ጋር ወደ ኦጋዴን ሲገቡ ተይዘው፣ ሽብርን በመርዳትና ያለ ፈቃድ ድንበር በማቋረጥ 11 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2012 በይቅርታ ተለቀቁ። ያለ ፈቃድ መግባታቸው ጥፋት ነው፤ ታጣቂን ቀርቦ ማነጋገርን ከመርዳት ጋር አንድ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በትግራዩ ጦርነት ወቅት፣ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አዲስ ስታንዳርድ የተባለው የዜና ድረ ገጽ የሽብር ቡድን አጀንዳ ያራምዳል ተብሎ ፈቃዱ ለቀናት ታገደ።

እኛ ውጭ የምንኖረውም ከዚህ አስተሳሰብ አልራቅንም። አንድ ጣቢያ የምንጠላውን የጦር አዛዥ ቢያቀርብ፣ ጥያቄዎቹን ሳንሰማ ‹‹መድረክ ሰጠው›› ብለን እንነሣለን። ዲሞክራሲ ያላት ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1994 የሺን ፌን (ከአየርላንድ ታጣቂዎች ጋር የተቆራኘው ፓርቲ) መሪዎች ድምፅ እንዳይተላለፍ ከልክላ ነበር፤ ጣቢያዎችም ክልከላውን ለማለፍ ተዋንያን ቃላቸውን በምትካቸው እንዲናገሩ እስከማድረግ ደርሰዋል። ለስላሳ ጥያቄ ብቻ የሚወረውር ጠያቂ መድረክ እንደሚያበጅ አልክድም፤ ነገር ግን ጠያቂው ሲደክም የሚገባው ጠንካራ ጠያቂ መተካት እንጂ ተጠያቂውን ከሕዝብ ዓይን ማራቅ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ሀገር ቤት የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግን ያስባል። ያ ዐቃቤ ሕግ የሚመረምረው የትግራዩ ጦርነት ግን፣ በብዙ ስፍራ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ አዛዦቹ ‹‹ያን ዕለት ምን አዘዙ?›› ብሎ የሚጠይቃቸው ጋዜጠኛ እምብዛም ሳይደርስባቸው ያለፈ ጦርነት ነው።