ለአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ነዋሪ፤ ቤት ስለመልቀቅ

ለ፦ በቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ለተቋጠሩት ደም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁ ስለማሳሰብ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ያቀረብኩት ስለሚገባዎት አይደለም፤ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማይጀመር ነው።

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ያለ ውል፣ ያለ ቀብድና ያለ ዋስ ጥፍሬ ሥር ገብተው ተቀምጠዋል። የአዲስ አበባ ሰው ነኝና ለሃያ ሁለት ዓመት ተከራይ ሆኜ ኖሬአለሁ። አከራይ ስሆን ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ከአንድ ብር ሳንቲም በምታንስ ቦታ ላይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ሲል በተከራይነቴ አጨብጭቤ ነበር። ሰሞኑን ያንኑ አንቀጽ በአከራይነቴ ደግሜ አነበብኩት፤ ላብ አሰመጠኝ።

የገቡበትን ቀን አልረሳውም። ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ልለማመድ ብዬ እሑድ ማለዳ እንጦጦ ወጣሁ። ይህ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩና «በሚቀጥለው ዓመት እሮጣለሁ» አልኩ። ይህንኑ ቃል ከሃያ ጊዜ በላይ ከደገምኩ በኋላ በ46 ዓመቴ ቲሸርቱን ገዛሁ። ቀጥሎም ጫማ ገዛሁ፤ ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ነው። ልኬ 43 ነው፤ በቅናሽ የቀረው 42 ነበር። ነጋዴው የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ሲለበስ ይሰፋል» አለኝ። ይህችን ቃል ሰምቶ የማያውቅ የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጫማው ግን አልሰፋም። የሰፋው የእርስዎ ይዞታ ነው።

ዳገቱን በሰላም ወጣሁት። ጉዱ የመጣው ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ነው። ቁልቁለት እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል። ትንፋሽ አይቆርጥም፣ ልብ አያስጨንቅም፤ ሰው ራሱን ሯጭ አድርጎ የሚያየው ያኔ ነው። በዚያ መሀል እግር በየእርምጃው ጫማው ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል፤ አውራ ጣትም የጫማውን ጫፍ በግንባሩ ይገጫል። አንድ ጊዜ ቢገጭ ምንም አይደል። ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ከጥፍሩ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ድንጋይ አልወደቀብኝም፣ በር አልተዘጋብኝም። ለዚህም ነው ሰው ሲጠይቀኝ የማወራው ታሪክ ያጣሁት። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?» አለኝ። «ሮጬ» አልኩት። «ማን አባሮህ?»

ያን ሌሊት የሆነውን እርስዎም ያስታውሱታል። ደም ሌላ ቦታ ሲቋጠር ቆዳው ያብጥለታል፤ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። ጥፍር ግን አይለጠጥም። ከላይ ጥፍር፣ ከታች አጥንት፣ በመሀል እርስዎ! የልቤ ምት ሁሉ እግሬ ጫፍ ላይ ወርዶ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ብርድ ልብሱ ከበደኝና እግሬን አውጥቼ ተኛሁ። የጥቅምት ብርድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለቱን እተወዋለሁ። ሰባት ወር አንድ ጫማ ውስጥ አብሮ ለኖረ ሰው አንቱታ አይበዛም? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ አንተማ አጥሩን አልፈህ ጣሪያዬን አነሳኸው።

በሦስተኛው ቀን ሠፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ በጨው ውሃ ዘፍዝፈው አለ፤ ሌላው ጥፍሩን ከሥሩ ንቀለው አለ። ጎረቤታችን እትዬ፣ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ቀጥፈው መጡ። ባለቤቴ ደግሞ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «የቀሩትን ዘጠኙን ጥቁር ቀለም ልቀባህና እኩል ይሁኑ» አለች።

ክሊኒክ የሄድኩት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ወንድ ነኝና። ሐኪሟ አየችህና ራሷን ነቀነቀች። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ብመጣ ኖሮ በጋለ መርፌ ጥፍሩን ትንሽ ትበሳውና ታፈስህ ነበር፤ ጥፍር ሕይወት የለውም፣ መበሳቱ አያምም፣ ሕመሙም ወዲያው ይቀላል። አሁን ግን ረግተህ ደርቀሃል። ቤት ውስጥ በመርፌ ልሞክረው ብዬ እንዳላስብም አስጠነቀቀችኝ። ዓይኔ ውስጥ ሐሳቤን አንብባው መሆን አለበት፤ የባለቤቴን የልብስ መርፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር።

ቀጥሎ የአንተን መታወቂያ ጠየቀች። «ደም መሆኑን በምን አወቅህ?» አለችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ብዬ ልስቅ ስል ጥፍር ሥር የሚጠቁር ሁሉ ደም እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ነቀርሳ እዚያው ቦታ ላይ አንተን መስሎ ይቀመጣል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ደግሞ ይህ ነቀርሳ ሲይዘን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይን ጠቀሰችልኝ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀውን። እ.ኤ.አ. በ1977 የእግር ኳስ ጉዳት የመሰለው የአውራ ጣቱ ቁስል ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ያን ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ ሕመሙን ረስቼው ነበር።

መለያውን ግን ነግራኝ ነበር። ደም ከሆነ ከጥፍሩ ጋር ይጓዛል፤ ከኋላው ንጹሕ ጥፍር እየበቀለ ወደ ጫፍ ይገፋዋል። ሌላ ነገር ከሆነ ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ይሰፋል፣ ከሥር እስከ ጫፍ እንደ መስመር ይሰመራል፣ ወይም ጥቁረቱ በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ ይሻገራል። እንዲያ ሲሆን አንድ ቀን ማደር የለም። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ፎቶግራፍ አነሳሃለሁ። ስልኬ ውስጥ ከልጆቼ ይልቅ የአንተ ፎቶግራፍ በዝቷል። በታኅሣሥ ከሥርህ ቀጭን ነጭ ጨረቃ ብቅ ስትል ልጅ የተወለደልኝ ያህል እልል አልኩ። አካሄድህ ግን የእጅ ጥፍር አይደለም። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የእግር አውራ ጣት ግማሹን ብቻ። በወር የምትራመደው ከአንዲት ጤፍ ብዙም አይበልጥም። ሙሉ ጥፍር ለመለወጥ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይወስዳል አሉኝ። አዋጁን ሳታነብ አዋጁን ተጠግተሃል።

በዚህ ጉዞህ መሀል ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ለሕጽበተ እግር ከምእመናን ጋር ተደርድሬ ተቀመጥኩ፤ ካልሲም ጫማም የማይሸሽግበት ቀን ነው። ቄሱ ግራ እግሬን በወይራና በወይን ቅጠል አጥበው ወደ ቀኙ ዞሩ። ውሃ አፈሰሱ። ጥቁሩ አልለቀቀም። እንደገና አፈሰሱና ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሸት ሸት አደረጉህ።

«አባ፣ ደም ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«የማን?» አሉኝ።

ከጎኔ የነበሩት ሰውዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። እኔ ግን ሳስበው ጥያቄው ተገቢ ነበር። ደሙ የኔ፣ ጫማው የኔ፣ ጥፋቱም... በዚህ ደብዳቤ እስካሁን የሸሸሁት ነገር ይህ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ ሮም ውስጥ የቀረበለት ጫማ እግሩ ላይ አልስማማ ቢለው ትቶት በባዶ እግሩ ሮጠ፤ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ወርቁን ወሰደ። እሱ በዓለም ፊት ያልሆነውን ጫማ ተወ። እኔ በአንድ ነጋዴ ፊት «ጠበበኝ» ማለት አፍሬ፣ በ42 ቁጥር አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሮጥ ቀረሁ። ቲሸርቱን ልጄ ለብሶት ሮጠ።

ስለዚህ የመልቀቂያ ቀንህን እንዲህ ወስኛለሁ። አሁን ባለህ ፍጥነት የጥፍሬን ግማሽ አልፈሃል፤ በሚቀጥለው ኅዳር ገደማ ጫፍ ላይ ደርሰህ በጥፍር መቁረጫ ትሰናበታለህ። ጣሪያው ቀድሞ ከወለቀም አልጣላህም፤ ሐኪሟ አዲሱ ከሥር እየመጣ ነው ብላለች። እስከዚያ ድረስ ጥፍሬን ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ። አዲስ ጫማም ገዝቻለሁ፤ እግር ዋል ሲል ያብጣልና ከሰዓት በኋላ ሄጄ፣ ከጣቴ ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ትቼ። ነጋዴው «44 አይበዛብዎትም?» ሲለኝ «ሲለበስ ይጠባል» አልኩት።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ጥፍሩ

ግልባጭ፦
ለ42 ቁጥር ጫማ፣ አልጋ ሥር
ለባለቤቴ (ቀለሙ እንዲቀር)
ለግራ እግሬ አውራ ጣት፤ ለሚቀጥለው ሩጫ ተመዝግቤአለሁና እንዲያውቀው